ባንዱ ከፈረሰ በኋላ የመጣ ዝና፦ የ"ዘ ዞምቢስ" አምስት አባላት የኋላ ሥራ

ይህን ጉዳይ ለምን መረጥኩ

ባንድ ሲፈርስ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ማን ከማን ተጣላ?" ነው። በእንግሊዙ ባንድ "ዘ ዞምቢስ" ታሪክ ውስጥ ግን ጠብ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። አምስቱ ልጆች የተለያዩት በጓደኝነት እንዳሉ ነው። የለያያቸው የገቢ ልዩነት ነው፤ ሁለቱ ከዘፈኖቹ ገንዘብ ይደርሳቸው ነበር፣ ሦስቱ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። ከተለያዩ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ ከዘፈኖቻቸው አንዱ አሜሪካ ውስጥ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ወጣ። ዘፈኑን በመድረክ የሚያቀርብ ባንድ ግን አልነበረም።

ጉዳዩን የመረጥኩት ከዚያ በኋላ በሆነው ነገር የተነሳ ነው። አምስቱም በየፊናቸው ሥራ ጀመሩ። አንዳንዱ ተሳካለት፣ አንዳንዱ ሙዚቃን ጨርሶ ተወ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ደግሞ ስሙ እንደገና ነፍስ ዘራ። ለወጣት ሙዚቀኞች ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም። ሰዎቹን በስም አልጠራም፤ ለጉዳዩ የሚያስፈልገው ማን ምን ይጫወት እንደነበር ነው። ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።

ዳራ

ባንዱ የተመሠረተው በ1961 ከለንደን በስተሰሜን በምትገኘው ሴንት ኦልባንስ ከተማ ነው። ልጆቹ የሁለት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ነበሩ። የመጀመሪያው ቤዝ ተጫዋች ብዙም ሳይቆይ ሕክምና ሊማር ወጣና ሌላ ተተካ። በ1964 አንድ የለንደን የማታ ጋዜጣ ያዘጋጀውን የባንዶች ውድድር አሸነፉ። በዚያ ሳቢያ ከዴካ ሪከርድ ኩባንያ ጋር ተፈራረሙ።

ቀረጻው ሲቃረብ ፕሮዲውሰሩ "ለምን የራሳችሁን ዘፈን አትሞክሩም?" አላቸው። እንዲህ ያለ ነገር ለወጣት ባንድ ሁሉ ይባላል፤ አብዛኛው ሰምቶ ያልፈዋል። ኪቦርድ ተጫዋቹ ግን ቤቱ ገብቶ አንድ ዘፈን ጽፎ መጣ። "ሺስ ኖት ዜር" ያ ነው። እንግሊዝ ውስጥ 12ኛ፣ አሜሪካ ውስጥ 2ኛ ሆነ። ቤዝ ተጫዋቹም መጻፍ ጀመረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባንዱ ውስጥ ሁለት ደራሲዎችና ሦስት ተጫዋቾች ነበሩ። ያኔ ልብ ብሎ ያየው የነበረ አይመስለኝም፤ የቀረው ታሪክ ሁሉ የመጣው ግን ከዚህ ነው።

በ1964 መጨረሻ ለገና ትርዒት ወደ ኒውዮርክ ተሻገሩ፤ ብሩክሊን ፎክስ በሚባለው ቲያትር ተጫወቱ። በ1965 መጀመሪያ "ቴል ሄር ኖ" አሜሪካ ውስጥ 6ኛ ሆነ፣ አገራቸው ላይ ግን 42ኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያወጧቸው ነጠላ ዜማዎች በእንግሊዝም በአሜሪካም አንድ በአንድ ወደቁ።

ችግሩ፦ አንድ ዘፈን፣ ሁለት ዓይነት ገቢ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አንድ ዘፈን ሁለት መብት አለው። አንደኛው የግጥሙና የዜማው ነው፤ ይህ የደራሲው ነው። ሁለተኛው የቀረጻው ነው፤ ይህን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው አሳታሚው ነው፣ ለዘፋኙና ለተጫዋቹ የሚደርሰው በውሉ መሠረት ትንሽ ፐርሰንት ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ መደበኛ የሬዲዮ ጣቢያ ዘፈን ሲያጫውት ለደራሲው ይከፍላል፤ ለዘፋኙና ለተጫዋቹ ግን አይከፍልም። ይህ ዛሬም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ሺስ ኖት ዜር በአሜሪካ ሬዲዮ ሺህ ጊዜ ሲሰማ ኪቦርድ ተጫዋቹ ገንዘብ ያገኛል። ዓለም የሚያውቀው ድምፅ ባለቤት የሆነው ድምፃዊ በዚያ ምንም አያገኝም። ጊታሪስቱና ድራመሩም እንዲሁ።

ለሦስቱ የቀረላቸው የመድረክ ክፍያ ነው። እሱም የማናጀሩና የኤጀንቱ ድርሻ ተነስቶ፣ የነዳጁና የማደሪያው ወጪ ተቀንሶ፣ ለአምስት ይካፈላል። በ1967 ወደ ፊሊፒንስ ሄደው የሆነው ነገር ይህን ፍንትው አድርጎ ያሳያል። ማኒላ ሲደርሱ እንደ ንጉሥ ነበር አቀባበሉ። የተጫወቱት በትልቁ የአራኔታ ኮሊሲየም ነው፤ አዳራሹ በሰው ጢም ብሎ ይሞላ ነበር። ለእነሱ በአዳር የተቆረጠላቸው ክፍያ ግን ከዚያ ሕዝብ ጋር ፈጽሞ የማይመጣጠን ነበር። ውሉን የተዋዋሉላቸው ሌሎች ናቸው። እነሱ ስንት ሰው እንደሚወዳቸው ያወቁት እዚያ ከደረሱ በኋላ ነው።

በዚያው ዓመት ሲቢኤስ የተባለው ሪከርድ ኩባንያ ለአንድ አልበም 1,000 ፓውንድ ሰጣቸው። ፕሮዲውሰር ሳይቀጥሩ ራሳቸው ሊሠሩት ወሰኑ። የስቱዲዮ ሰዓት ገንዘብ ስለሚበላ ዘፈኖቹን አስቀድመው ሙልጭ አድርገው ተለማምደው ነበር የሚገቡት። አብዛኛው የተቀረጸው በአቤይ ሮድ፣ ቢትልሶች በዚያው ስቱዲዮ "ሳርጀንት ፔፐርስ" የተባለውን አልበማቸውን ጨርሰው ከወጡ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። ቢትልሶች ትተውት የሄዱት ሜሎትሮን የሚባለው ኪቦርድ እዚያው ነበርና ተጠቀሙበት፤ በአልበሙ ላይ እንደ ቫዮሊን ጓድ የሚሰማው ድምፅ በብዛት የእሱ ነው። አልበሙ "ኦደሲ ኤንድ ኦራክል" ተባለ።

ሁለት ነገሮች የቡድኑን ስሜት ያሳያሉ። የመጀመሪያው፣ ሞኖው ቅጂ (ድምፁ ሁሉ በአንድ መስመር የሚሰማው) ካለቀ በኋላ ኩባንያው ስቴሪዮም (በግራና በቀኝ ተከፍሎ የሚሰማው) ያስፈልጋል አለ። በጀቱ አልቆ ስለነበር ሁለቱ ደራሲዎች ከራሳቸው የዘፈን ገቢ ከፈሉ። ሦስቱ መክፈል ቢፈልጉም የሚከፍሉት አልነበራቸውም። ሁለተኛው ስቱዲዮ ውስጥ የሆነ ነው። መጨረሻ ከተጻፉት ዘፈኖች አንዱ "ታይም ኦፍ ዘ ሲዝን" ነበር። ድምፃዊው ገና በደንብ አልያዘውም፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ ደግሞ ከመቆጣጠሪያው ክፍል ሆኖ በየስንኙ ያርመዋል። ሰዓቱ እየሄደ ነው። ድምፃዊው ትዕግሥቱ አለቀና እንግዲያው አንተው ና ዝፈነው አለው። ያኛውም ዘፋኙ አንተ ነህ፣ እስኪስተካከል እዚያው ቁም ብሎ መለሰለት። ድምፃዊው ቆሞ ዘፈነው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ያንን ቅጂ ነው።

ከአልበሙ መጀመሪያ የወጡት ነጠላ ዜማዎች አልተሸጡም። ጊታሪስቱ ሊያገባ ነበር፤ የወር ደሞዝ ያስፈልገው ነበር። ድራመሩና ድምፃዊውም ኪሳቸው ባዶ ነው። በ1967 ታኅሣሥ ባንዱ ፈረሰ። አልበሙ የወጣው በ1968 ሚያዝያ ነው፤ በወቅቱ ባለቤት አልነበረውም ማለት ይቻላል።

ዘፈኑ ሲደምቅ

የሲቢኤስ የአሜሪካው ኩባንያ አልበሙን ለማውጣት ብዙም ፍላጎት አልነበረውም። እዚያ ይሠራ የነበረ አንድ ሙዚቀኛና ፕሮዲውሰር ለንደን ሄዶ አልበሙን ሰምቶ መጣና ካላወጣችሁት ብሎ ወጥሮ ያዛቸው። ወጣ። ታይም ኦፍ ዘ ሲዝን ቀስ እያለ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ተዛመተና በ1969 መጋቢት አሜሪካ ውስጥ 3ኛ ሆነ።

የኮንሰርት ጥያቄ ጎረፈ። አምስቱ እንደገና ለመሰብሰብ አልፈለጉም፤ ሁለቱ ደራሲዎች አዲስ ባንድ ማቋቋም ጀምረው ነበር። ክፍተቱን ሌሎች ሞሉት። በአሜሪካ "ዞምቢስ ነን" የሚሉ የሐሰት ባንዶች ከከተማ ከተማ ዞሩ። ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ የነበሩ ሁለት የቴክሳስ ልጆች በኋላ "ዚዚ ቶፕ" በተባለው ባንድ በራሳቸው ስም ገናና ሆነዋል። ያኔ የቡድን ፎቶ በየቤቱ የለም፣ ሰው አያውቅም። ቲኬት የገዛው ተመልካች ተታለለ፤ እውነተኞቹ አምስት ደግሞ ከራሳቸው ስም አንድ ሳንቲም አላገኙም።

እያንዳንዳቸው የወሰዱት መንገድ

ኪቦርድ ተጫዋቹ በራሱ የአባት ስም "አርጀንት" የተባለ ባንድ አቋቋመ። በ1972 "ሆልድ ዩር ሄድ አፕ" በእንግሊዝም በአሜሪካም 5ኛ ሆነ። ባንዱ በ1976 ሲፈርስ ወደ ስቱዲዮ ሥራ ዞረ። "ዘ ሁ" በ1978 ባወጡት አልበም ላይ ፒያኖ ተጫውቷል፤ በ1988 የወጣውን የዘፋኟ ታኒታ ቲካራም የመጀመሪያ አልበም ከፕሮዲውሰሮቹ አንዱ ሆኖ ሠርቷል። በየአሥር ዓመቱ ሥራው ይለዋወጣል፣ ከኪቦርዱ ግን ርቆ አያውቅም።

ቤዝ ተጫዋቹ አስተዋይ ምርጫ አደረገ ባይ ነኝ። ቤዙን አስቀምጦ ደራሲነቱን ያዘ። በአርጀንት ባንድ ውስጥ መድረክ ላይ አይወጣም፤ ከኪቦርድ ተጫዋቹ ጋር ግን ይጽፋል፣ ፕሮዲውስ ያደርጋል። ሆልድ ዩር ሄድ አፕ የሁለቱ ድርሰት ተብሎ ነው የተመዘገበው።

ድምፃዊው የኢንሹራንስ ቢሮ ሠራተኛ ሆነ። የተመደበው የስርቆት ጉዳዮች ክፍል ነው። አሜሪካ ድረስ የተሰማ ድምፅ ያለው ልጅ ጠዋት ገብቶ የተሰረቁ ዕቃዎች ወረቀት ሲያገላብጥ ይውላል። በ1969 አንድ ፕሮዲውሰር ወደ ስቱዲዮ መለሰው፤ ግን በሌላ ስም፣ ኒል ማክአርተር ተብሎ፣ ያንኑ ሺስ ኖት ዜርን በአዲስ ቅንብር። እንግሊዝ ውስጥ 34ኛ ደረጃ ደርሶ ቆመ። እውነተኛው መመለሱ በ1971 "ዋን ይር" በተባለው አልበም ነው። አልበሙን ያዘጋጁለት እነማን ናቸው? የቀድሞ ጓደኞቹ፣ ሁለቱ ደራሲዎች። ከአልበሙ የወጣው "ሴይ ዩ ዶንት ማይንድ" በ1972 እንግሊዝ ውስጥ 15ኛ ሆነ። በኋላ "አለን ፓርሰንስ ፕሮጀክት" በ1982 ባወጡት "ኦልድ ኤንድ ዋይዝ" ላይ የሚሰማው ድምፅ የእሱ ነው።

ጊታሪስቱ የሪከርድ ኩባንያ ሠራተኛ ሆኖ አዳዲስ ዘፋኞችን የመፈለግና የማስፈረም ሥራ ያዘ። በዚህ ሥራ ከአምስቱ ከማንም በላይ ረጅም እጅ ነበረው። የስዊድኑን ባንድ "አባ"ን፣ አሜሪካዊውን ዘፋኝ ብሩስ ሆርንስቢንና "ሚስተር ሚስተር" የተባለውን ባንድ ካስፈረሙት ሰዎች ይቆጠራል። ኑሮውንም ወደ አሜሪካ አዞረ። ድራመሩም በሪከርድ ኩባንያ በተመሳሳይ ክፍል ሠርቶ ነበር፤ በኋላ ግን ሙዚቃውን ትቶ ፈረሶችን በመኪና የሚያጓጉዝ የራሱን ድርጅት ከፈተ።

ያልሠራው

የድምፃዊው የሐሰት ስም አልሠራም። የሕዝቡ ጆሮ የሚያውቀውን ድምፅ በማይታወቅ ስም ማቅረብ አድማጩን አደናገረ እንጂ አዲስ ሰው አልፈጠረም።

በ1991 ድምፃዊው፣ ቤዝ ተጫዋቹና ድራመሩ በባንዱ ስም አልበም አወጡ። ብዙም አልተሰማም። ለእኔ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የዘፈኖቹ አከርካሪ የነበረው ኪቦርድ ተጫዋች በመሃላቸው ሆኖ አልመራውም፣ ሕዝቡም ገና ያንን የ1968 አልበም አላገኘውም ነበር። ገበያ ሳይደርስ የመጣ ነው።

በ1969 ወደ አሜሪካ አለመሄዳቸውስ? ብዙ ሰው ሞኝነት ይለዋል። እኔ ግማሽ በግማሽ ነኝ። ሁለቱ የጀመሩትን አዲስ ሥራ ባያከብሩ ኖሮ አርጀንት አይኖርም ነበር። ግን ያ አቋም ዋጋው ለሁሉም እኩል አልነበረም። ደራሲዎቹ ባይሄዱም ሬዲዮው ይከፍላቸዋል። ሌሎቹ ሦስቱ በዚያ ዘፈን የሚያገኙት ከመድረኩ ብቻ ነበር። ቢያንስ አንድ አጭር ቱር ለእነሱ ሲባል መደረግ ነበረበት ብዬ አምናለሁ።

የሠራው

ዋናው ነገር በሩ አለመዘጋቱ ነው። ደራሲዎቹ ለድምፃዊው አልበም ሠሩ። ሰባዎቹን ሙሉ አንዱ በሌላው ቀረጻ ላይ ይገኛል። እርስ በርስ ተካሰው ፍርድ ቤት አልቆሙም። በ1997 የቀረጻዎቻቸው ስብስብ በለንደን ሲመረቅ አምስቱም መድረክ ላይ ወጡ። በ1999 ገደማ ደግሞ ኪቦርድ ተጫዋቹ በአንድ የበጎ አድራጎት ኮንሰርት ሲጫወት ድምፃዊው ተመልካች ሆኖ መጥቶ ነበር፤ ተጠርቶ ወጣና አብረው ሠሩ። ከዚያ ሁለቱ በጥቂት ኮንሰርት የጀመሩት ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ዘለቀ።

ልብ በሉ፣ ወዲያው የባንዱን ስም አላነሱም። በ2001 ያወጡት አልበም በሁለቱ ስም ነው። ተመልካቹ ራሱ የድሮዎቹን ዘፈኖች ሲጠይቅና ሥራው ሲጠነክር በ2004 ስሙን መለሱት። በዚህ መሃል ያ ያልተሸጠ አልበም በወጣት ሙዚቀኞች አፍ እየዞረ፣ በየጊዜው እንደገና እየታተመ፣ ከስድሳዎቹ ምርጥ አልበሞች ተርታ ገብቶ ነበር።

በ2008 መጋቢት በለንደን ሼፐርድስ ቡሽ ኢምፓየር አልበሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በመድረክ አቀረቡት። አልበሙ ከመውጣቱ በፊት ባንዱ ስለፈረሰ ሙሉውን በመድረክ ሠርተውት አያውቁም ነበር። በስቱዲዮ ተደራርበው የተቀዱትን የኪቦርድ ድምፆች ለማሟላት ሁለተኛ ኪቦርድ ተጫዋች ጨመሩ። ፈረስ ያጓጉዝ የነበረው ድራመር ከበሮው ላይ ነበር። ቤዝ ተጫዋቹም ተመልሷል። የጎደለው ጊታሪስቱ ነው። በ2004 ሚያዝያ አርፎ ነበር፤ ከሞቱ ጥቂት ወራት በፊት በጥር ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለእሱ ክብር በተዘጋጀ ምሽት ከጓደኞቹ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ተጫውቷል።

በ2015 ያወጡት አልበም ወጪው ከአድናቂዎች በተሰበሰበ ገንዘብ የተሸፈነ ነው። ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ የገቡት በአራተኛው ዕጩነታቸው በ2019 ነው። ሥነ ሥርዓቱ የተደረገው በብሩክሊን ነው፤ በ1964 የመጀመሪያ የአሜሪካ መድረካቸው በነበረችው ብሩክሊን። የስድሳዎቹን የቀረጻ መብታቸውንም በቅርብ ዓመታት አስመልሰዋል። በ2024 ኪቦርድ ተጫዋቹ ስትሮክ ስለያዘው ከቱር ሥራ መሰናበቱን አሳወቀ።

ከጉዳዩ የሚወሰድ

የድርሰት ድርሻን አስቀድሞ መነጋገር ይገባል። እኛ ዘንድ በካሴት ሽፋን ላይ ግጥም፣ ዜማና ቅንብር የማን እንደሆነ በየስሙ መጻፍ የቆየ ልማድ ነው፤ ጥሩ ልማድ ነው። ግን ሽፋን ላይ መጻፍና በውል መካፈል ይለያያሉ። ባንድ ከሆናችሁ ስቱዲዮ ከመግባታችሁ በፊት፣ ዘፈኑ ገና ምንም ሳያስገኝ፣ ተቀመጡና ተነጋገሩ። ያ የቤዝ መስመር ወይም ያ የከበሮ ምት ዘፈኑን ዘፈን ካደረገው ተጫዋቹ ድርሻ ይኑረው። ደራሲው ሁሉን ይስጥ አልልም። በዚህ ጉዳይ ላይ ሦስቱ ጥቂት ፐርሰንት ቢያገኙ ኖሮ ባንዱ አንድ ዓመት ይቆይ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ የሚያስፈልገውም ያ አንድ ዓመት ብቻ ነበር።

የተጫዋችን መብት ደግሞ የአገሩ ሕግ ይወስነዋል። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ከደራሲው ሌላ ለከዋኝ፣ ማለትም ለዘፋኝና ለተጫዋች፣ እንዲሁም ለድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰር መብት ያውቃል። ብዙ ተጫዋች ይህን ሳያውቅ "ለቀረጻ ሠራሁ፣ ተከፈለኝ፣ አለቀ" ብሎ ይሄዳል። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ የሚኖር ሙዚቀኛ ደግሞ የሚኖርበትን አገር ሕግ ማየት አለበት፤ አዲስ አበባ ያለው መብት እዚያ እንዳለ አይሄድም።

ከመድረክ ውጭ ያለ ሥራ ውርደት አይደለም። ጊታሪስቱ ከጊታሩ ይልቅ በጆሮው ብዙ ሠርቷል። ዘፈን የሚያውቅ ሰው ዘፋኝ መምረጥ፣ ቀረጻ መምራት፣ ማስተማር ይችላል። ድራመሩ ፈረስ ማጓጓዙ ከ2008ቱ መድረክ አላስቀረውም። ድምፃዊውም ከኢንሹራንስ ቢሮ ወጥቶ ነው ከሥራዎቹ ሁሉ የሚወደስለትን አልበም የሠራው።

መልሶ መሰብሰብ ሲታሰብ ደግሞ ስሙን መጨረሻ ማምጣት ይሻላል። መጀመሪያ አብሮ መሥራት ይቻል እንደሆነ በትንሽ አዳራሽ ይታይ። የ1991ዱ ሙከራ በስም ጀመረ፣ ከሰመ። የ1999ኙ በሥራ ጀመረ፣ ዘለቀ።

የባንድ ስምም ንብረት ነው። የማን እንደሆነ፣ አንዱ ሲወጣ ማን ይዞት እንደሚቀር፣ ባንዱ ሲፈርስ ማንም እንዳይጠቀምበት ማን እንደሚከታተል በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ንግድ ምልክት ሆኖ የሚመዘገብበት አገር ሁሉ ደግሞ ይመዝገብ። የዞምቢስ አባላት በ1969 ይህን አላደረጉም ነበርና ቴክሳስ ድረስ ስማቸውን ሌሎች ሸጡት።